ትራፊው የማን ነበር?
ስለ ወሎ ደጋ ጓዳና ስለ ቁጠባ ታሪክ

ባለፈው ሰሞን በምግብ አዳራሻችን በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ምግብ አናባክን፤ እንቆጥብ» ይላል። ደግ ነገር ነው። ከማስታወቂያው ሥር በቆመው በርሜል ውስጥ በየቀኑ የሚከመረውን እንጀራ ያየ ሰው ቢያፍር እንጂ አይቃወመውም። ጠቡ የመጣው ማታ መኝታ ክፍል ከገባን በኋላ ነው። አንዲት ጓደኛችን አልጋዋ ላይ እንደ ተጋደመች፣ «የወሎ ሰው እኮ ቁጠባ ስለማያውቅ ነው ረኀብ የሚመላለስበት፤ ያገኘውን በሠርግና በተዝካር፣ በሰደቃና በማኅበር ይጨርሰውና ክረምት ሲገባ እጁን ይዘረጋል» አለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ከሰማችው ነው የተናገረችው። እኔ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ ሳይሆን መልሱ ስለ ረዘመብኝ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ማታ ያላልኩትን ለማለት ነው።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። መካነ ሰላም የቦረና ከተማ ናት። ይህ ቦረና በደቡብ ኢትዮጵያ ካለው ከአርብቶ አደሩ ቦረና ጋር የስም ዘመድ ብቻ ነው። (ይህን ማስረዳት የሰለቸው የአገሬ ልጅ ስንት ነው!) ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ ሲኬድ ለጋምቦ፣ ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ ቦረና እየተባለ ይቀጥልና ምድሩ በድንገት ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል። ደጋው ላይ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ፤ ወረድ ሲሉ ጤፍ፤ ቆላው ላይ ማሽላ ነው። ከፍ ያለው አገር የበልግ ዝናብ ጠባቂ ነው፤ በልጉ የቀረበት ዓመት ገበሬው ክረምቱን የሚሻገርበት ገብስ አያገኝም። እንግዲህ በዚህ አገር ቁጠባ ማለት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ከመጽሐፍ በፊት ጓዳ መግባት ያስፈልጋል።

አያቴ ሊጥ ጋግራ ስትጨርስ ቡሃቃውን አታጥብም። ዳርና ዳር የተጣበቀው ሊጥ ይፋቅና ይሰበሰባል፤ ከእርሱ እንጎቻ ይጋገራል፤ እንጎቻው የልጅ ነው። ከሊጡ ላይ የሚጠለለው እርሾ ለሚቀጥለው ቡኮ ይቀመጣል፤ ጎረቤት ካለቀባት እርሾ ትበደራለች። ያደረ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል። ሦስት አራት ቀን ከርሞ ሊሻግት የደረሰው ደግሞ ተቆራርጦ ሰፌድ ላይ ይሰጣና በፀሐይ ይደርቃል፤ ድርቆሽ ነው። ድርቆሽ ወራት ይቆያል፤ ትኩስ ወጥ ሲያርሰው ተመልሶ እንጀራ ይሆናል። ገብሱ ተቆልቶ ቆሎ፣ ቆሎው ተፈጭቶ በሶ፣ በሶው በቅቤ ታሽቶ ጭኮ ይሆናል፤ ሦስቱም እሳት አይጠይቁም፣ ሦስቱም ቶሎ አይበላሹም።

ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ዋናው ጠላ ተቀድቶ ሲያልቅ ጋኑ ላይ ውሃ ይጨመርና ቅራሪ ይወጣል፤ ቀጭን ነው፣ ግን ጥም ይቆርጣል። ከቅራሪ በኋላ የሚቀረው አተላ ለላምና ለአህያ ነው። ጠላ በማይጠመቅበት በሙስሊሙም ቤት ቢሆን ሕጉ ያው ነው። ቡናውን ተመልከቱ፤ አንድ ጊዜ የተወቀጠ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ የበረከትን ስም ያገኘውም ወፍራሙ አቦል ሳይሆን የመጨረሻው ቀጭኑ ነው። እህሉ ሲወቃ ገለባው ለከብት፣ ጭዱ ለግድግዳ ጭቃ፣ ሲበጠር የወጣው ግርድ ለዶሮ ይሆናል። እስቲ ንገሩኝ፣ ከዚህ ቤት ውስጥ ምን ይጣላል?

ይህን ስጽፍ ጌጥ አደረግሽው እንዳልባል እፈራለሁ። እውነት ነው፤ ሁሉም የሚያምር አይደለም። ደጋው ዛፉ ካለቀበት ቆይቷል፤ ደንቆሮን የመሰለ ደን የቀረው በጣት የሚቆጠር ቦታ ነው። ስለዚህ ማሳውን ማወፈር የነበረበት የከብት እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። እሱም ቁጠባ ነው፤ እንጨት ተቆጠበ ይባላል። ግን ዛሬ በምድጃ የተቆጠበው በሚመጣው ዓመት ከማሳው ይጎድላል።

ሌላም አለ፣ እሱ ነው ዋናው። በአያቴ ቤት ማዕድ ሙልጭ ተደርጎ አይበላም ነበር፤ ነውር ነው። ለምን ቢባል ከማዕዱ የሚተርፈው የሚጣል ሳይሆን ገና ያልደረሰው ሰው ድርሻ ስለሆነ ነው። አስቀድሞ እንግዳውና አባወራው ይቀርባሉ፤ ቀጥሎ ልጆች፤ እናት መጨረሻ ናት፣ ከምጣዱ ሥር ተነሥታ የቀረውን ትበላለች። ከዚያ በኋላ በር ላይ የሚቆም አለ፤ የቆሎ ተማሪው ወይም የመስጊዱ ደረሳ። ከእነሱ የተረፈው ለውሻውና ለዶሮዋ። ትራፊው በደረጃ ይወርዳል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አፍ አለ። ሥርዓቱ ብልሃተኛ ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ዓመቱ ሲጠብ የማዕዱ ራስ ላይ ያለው ሰው የሚጎድልበት መጨረሻ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎድልበት ከምጣዱ ሥር የተቀመጠችው ሴትዮ ነች። «ቆጥቡ» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር «ከማን ሆድ?» ብዬ የምጠይቀው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ከጓዳው ወደ አደባባይ እንውጣ፤ የዚህ ጓዳ ታሪክ ከአገሪቱ ታሪክ ውጭ አልነበረምና። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከቦረና በስተምሥራቅ ያለችውን ወረኢሉን የጦር ሰፈር አድርገዋት ነበር። በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ዘመቻ ክተት ሲታወጅ የሸዋ ሠራዊት እንዲሰበሰብ የተቀጠረው እዚያው ወረኢሉ ነው። ያ ሠራዊት ምን በልቶ ሄደ? ስንቁን ይዞ ነዋ! ስንቅ ማለት ደግሞ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎና ቋንጣ ነው፤ ማለትም የሴቶቹ የጓዳ ቁጠባ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ነው። የታሪክ መጻሕፍታችን ጠመንጃውንና መድፉን ቆጥረው ይነግሩናል፤ ድርቆሹን ያሰጣችውን ሴት ግን አንድም ቦታ አላገኘኋትም። ስንቁ ያለቀበት ወታደር ደግሞ የሚያርፈው በገበሬው ቤት ነበር፤ ገበሬው ለክረምት ያስቀመጠውን ጎተራ የዘማች ማደሪያ ይጨርሰዋል። ከዚያ በላይ አሥራት አለ፣ የባላባቱ ሲሶ ወይም እኩል አለ፣ ድርጎ አለ። ጭቁኑ ገበሬ የቆጠበው ሁሉ ለራሱ የቆጠበው አልነበረም።

በሌላው ወገን ግብር የሚባለው ነበር። በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በተራ በተራ እየገባ ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ፣ ጠጅ እየጠጣ ይወጣ ነበር። በከንቱ ይጣል ነበር ማለቴ አይደለም፤ እዚያም ትራፊው በደረጃ እየወረደ ከአዳራሹ ደጅ ያለው ድኻ ዘንድ ይደርስ ነበር። ልዩነቱ የቤተ መንግሥቱ ማዕድ የሚሞላው ከብዙ ሺህ ጎተራ ተሰብስቦ መሆኑ ነው። «አባካኝ» የሚባለው ግን ለአባቱ ተዝካር አንድ በሬ ያረደው ገበሬ ነው። ተዝካር ገበሬን ዕዳ ውስጥ ከቶ ያውቃል፣ አልክድም። ግን እዚያም የሚበላው ጎረቤት ነው፤ ያ ጎረቤት በክፉ ቀን የሚያበድረው ነው። ሞኝነት ብቻ አድርገን አንየው፤ በከፊል የመድን ክፍያ ነው።

ክፉ ቀን ካልን የመጀመሪያው በዚህ ስም የሚጠራው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ነው። የደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ በምጽዋ በኩል ከጣልያን ጦር ጋር በመጡ ከብቶች ገብቶ በሬውን ፈጀው፤ ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ብለው የሚገምቱ አሉ። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተከተለ። በሬ የሌለው ገበሬ በምን ይረስ? ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሕዝቡ አርአያ እንደ ሆኑ ይነገራል። ያን ጊዜ ቁጠባ ምን ይፈይዳል? ያልተዘራ እህል አይቆጠብም።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ነገሩ ከሰማይ ወደ መሬት እየወረደ ይሄዳል። በ1958 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ምን እንደ ሆነ ሟቹ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ኢትዮጵያ ገጠርና ስለ ረኀብ በጻፉት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ዘርዝረውታል። እሳቸው እንደ ቆጠሩት ወሬው ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ እስኪደርስ 302 ቀን ፈጅቷል። ከደረሰ በኋላስ? የአገር ግዛት ሚኒስቴር የወሎን ባለሥልጣኖች የሞቱትን ሰዎች ስም ዝርዝር ላኩ አላቸው! እንግዲህ ይህን ያነበበ ሰው ብክነት ምን እንደ ሆነ ይንገረኝ። 302 ቀን ሲባክን ስንት ድርቆሽ ይተካዋል?

የ1965ቱና የ1966ቱ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ዓ.ም. ወሎ ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ ግቢ ውስጥ አሳዩ፤ የእኛ ታላላቆች፣ የያኔ ተማሪዎች፣ ዐይናቸው የተገለጠው ከዚያ ወዲህ ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርቲያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ረኀብ መርምሮ የደረሰበት ነገር ለእኔ ክርክር ዋና ምስክር ነው። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ የእህሉ ምርት ብዙ አልቀነሰም ይላል። ደሴ ገበያ ላይ ዋጋው የሚያስደነግጥ ያህል አልናረም፤ ገበሬው የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ነው። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ ነበር። የተራበው ሰው ባለበት መንገድ ላይ የጫነ መኪና ያልፋል ማለት ነው። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት ባለችው ሌሊት፣ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው የረኀብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕል ጋር እየተፈራረቀ በቴሌቪዥን ታየ።

ያን ፊልም ያሳየው መንግሥት ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የራሱን ዐሥረኛ ዓመት በዓል በታላቅ ድግስ ሲያከብር ወሎ እንደ ገና እያለቀ ነበር። መሬት ላራሹ የተባለው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ታውጆ ነበር፤ ሲሶና እኩል ቀርቷል፤ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም አይክደውም። በሲሶው ፋንታ ግን ኮታ መጣ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በወሰነው ዝቅተኛ ዋጋ ገበሬው እህሉን እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ ይህም እስከ 1982 ዓ.ም. ቆይቷል። ስሙ ተለወጠ እንጂ ጎተራው አሁንም ለሌላ ሰው ነው የሚቆጥበው።

አያቴ በ1977 ዓ.ም. የሦስት ልጆች እናት ነበረች። ምን እንዳደረገች ስጠይቃት እንደ ጀብዱ አትነግረኝም፤ እንደ ወጥ አሠራር ነው የምትነግረኝ። አስቀድማ ጤፏን ሸጠች፤ ጤፍ ውድ ስለሆነ በዋጋው የበለጠ ገብስ ይገዛል። ከዚያ ሦስቱን ገበታ ሁለት፣ ሁለቱን አንድ አደረገች። ቀጥላ ዱቄቱን ከሲናር ጋር ቀየጠች። ከዚያ ፍየሎቹ፣ ከዚያ የአንገቷ ብር ተሸጠ። በሬው መጨረሻ ነው፤ በሬ ከተሸጠ የሚመጣውም ዓመት አብሮ ይሸጣል። «አንቺስ ምን ትበዪ ነበር?» አልኳት። «እኔማ እጋግር ነበር» አለችኝ። መልሱ ይኸው ነው።

በኋላ የዶክተር ደሳለኝ ራህማቶን መጽሐፍ ሳነብ ደነገጥኩ። በወሎ አምባሰል ገበሬዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት ጥናት ነው። አያቴ በተራ ያወራችልኝ ነገር በምዕራፍ ተከፍሎ እዚያ አለ። ገበሬው ረኀብ መምጣቱን አስቀድሞ ያውቃል፤ መንግሥት ከማወቁ በፊት ቁጠባውን ይጀምራል፤ የሚበላውን ይቀንሳል፣ ርካሹን እህል ይበላል፣ ንብረቱን በደረጃ ይሸጣል። ቁጠባ አያውቅም የተባለው ሰው ከሁሉ የጠበቀ ቆጣቢ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጠባ ወራትን ይገዛል። በተገዙት ወራት ውስጥ ሌላ ሰው አንድ ነገር ማድረግ ነበረበት፤ አላደረገም።

ቁጠባ ከልኩ ሲያልፍ ምን እንደሚያስከፍል ለማየት በሽሎን ተሻግሮ ወደ ደላንታና ዳውንት መሄድ ይበቃል። ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ ጓያ አይጠፋም፤ ርካሽ ነው፣ ምንም አይፈልግም። ግን ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይሽመደመዳል፤ ከተሽመደመደም አይመለስም። በ1980ዎቹ ማብቂያ በነዚሁ ወረዳዎች ከ2,000 በላይ ሰው እንዲህ መሆኑን ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ከውጭ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ገልጸውታል። በኋላም ጓያውን ከሌላ እህል ጋር ቀይጦ የበላ ሰው አደጋው እንደሚቀንስለት አሳይተዋል። የሚቀየጠው እህል ግን ከየት ይምጣ? አለመቀየጥ እኮ የሙያ ጉድለት አይደለም፣ ጎተራው ባዶ ስለሆነ ነው።

ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ብቻ ላምጣ። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምግብን በራሽን ካርድ ማከፋፈል የጀመሩት በጥር ወር 1940 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን የጨረሱት በሐምሌ 1954 ነው። ምግብ ማባከን በሕግ ያስቀጣ ነበር። ሕዝቡ ዐሥራ አራት ዓመት የቻለው ለምንድን ነው? ቅቤውና ስኳሩ በሕግ ለሀብታሙም ለድኻውም በልክ ስለ ተመደበ ነው እላለሁ። ጥቁር ገበያ አልነበረም አይባልም፤ ግን መንግሥት «ቆጥቡ» ሲል አብሮ ለሁሉም ቆጥሮ ይሰጥ ነበር።

ወደ በርሜላችን ልመለስ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ለሰው ከቀረበ በኋላ ተጥሏል ይላል፤ ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የቤተሰብ ነው። እኔ ይህን የሀብታም አገር በሽታ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ አልሆነም። በሀብታምና በመካከለኛ ገቢ አገሮች መካከል በነፍስ ወከፍ ያለው ልዩነት ጥቂት መሆኑን ዘገባው ይናገራል። የሚለየው ይልቅ ከተማና ገጠር ነው፤ ገጠሬው ትራፊውን ለከብትና ለማዳበሪያ ስለሚያውለው ያንሳል። ይህን ሳነብ አያቴን አየኋት። እኛ ከእርሷ የከፋን ሆነን አይደለም እኮ እንጀራ የምንጥለው። እርሷ ትራፊውን የምትሰጠው ከኋላዋ የተሰለፈ አፍ ነበራት። ከኛ በርሜል ጀርባ ግን ላም የለም፣ ዶሮ የለም፣ የቆሎ ተማሪ የለም። እንጀራው ሲሰጠንም ለበላተኛው መጠን ሳይሆን በአንድ ልክ ነው፤ ትንሹ ሆድና ትልቁ ሆድ እኩል ይነሣል፣ አንዱ ይጥላል አንዱ ይራባል። ስለዚህ በር ላይ ከመለጠፍ ይልቅ መጠኑን የሚጠይቅ ማንኪያ ቢኖር፣ ያልተነካው እንጀራ ድርቆሽ ቢሰጣ፣ የተነካው ለሚያደልብ ሰው ቢሰጥ ምን ይመስላችኋል? ቀላል ነገር ነው፤ ግን አሠራር እንጂ ምክር አይደለም።

ጎተራውንም አንርሳ። እህል ሰው አፍ ሳይደርስ በነቀዝ፣ በአይጥና በእርጥበት ያልቃል፤ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪቃ ከአጨዳ በኋላ የሚጠፋው የእህል ዋጋ በዓመት ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገምቶ ነበር። በጭቃ የተለሰነ ጎተራና ጉድጓድ ያላት ሴት ይህን በምን ትከላከል? ፍርፋሪ በመሰብሰብ አይመለስም።

ይህን ጽሑፍ ለዚያች ጓደኛዬ ሳይታተም አነበብኩላት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «ሴትየዋ ዱቄቱ ካለቀ በኋላ እርሾውን ምን አደረገችው?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔ አልጠየቅኩም ነበር። ለዕረፍት ስሄድ አያቴን ጠየቅኋት። ቡሃቃውን ሳታጥበው ደፍታ አስቀምጣው ኖሯል። ሊጡ ከግድግዳው ላይ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። የእርዳታ ስንዴ ሲመጣ ውሃ አፍስሳ ዘፈዘፈችውና አቦካችበት። «ተነሣ?» አልኳት። «ሁለት ቀን ቆይቶ ነው፤ ስንዴው የሰው አገር ነዋ» አለች፤ ቀጥላም ቡናው በረካ ደርሷልና ሲኒ አቀብዪኝ አለችኝ።